የሥር አሻጋሪ ፕሮቲኖችና የፎስፈረስ ምግብ በአሲዳማ አፈር፦ ከስንዴና ከገብስ የተገኘ ትምህርት

አኅጽሮተ ጥናት

ተክሎች ከአፈር የሚያገኟቸው ማዕድናት ወደ ሥር ሕዋስ የሚገቡት በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ በተተከሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የእነዚህን አሻጋሪ ፕሮቲኖች አሠራር ካብራራ በኋላ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ያነሣል፦ በአሲዳማ አፈር ላይ የተዘራ ገብስ ወይም ስንዴ የፎስፈረስ ማዳበሪያ እየተሰጠው ስለ ምን ፎስፈረስ ይራባል? በቀላል የኃይል ስሌትና በታተሙ የምርምር ውጤቶች ላይ ተመሥርቶም፣ ችግሩ በዋናነት ፎስፌትን ወደ ውስጥ በሚያስገቡት ፕሮቲኖች ድካም ሳይሆን የሥሩን ጫፍ ከአሉሚኒየም የሚጠብቁት፣ ማለትም ኦርጋኒክ አሲዶችን ወደ ውጭ የሚያስወጡት ፕሮቲኖች በበቂ መጠን ባለመገኘታቸው መሆኑን ያስረዳል። በመጨረሻም ይህ ዕውቀት ለኖራ አጠቃቀም፣ ለዝርያ መረጣና ለማዳበሪያ ምክር ያለውን ትርጉም ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ አሻጋሪ ፕሮቲን፣ የሥር ጫፍ፣ ፎስፌት፣ አሉሚኒየም፣ ማሌት፣ አሲዳማ አፈር፣ ገብስ፣ ስንዴ

1. መግቢያ

ለአንድ ተክል ሙሉ ዕድገት የግድ የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮች 17 እንደሆኑ ይታወቃል። ከእነዚህ ውስጥ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከአየርና ከውኃ ሲገኙ የቀሩት 14ቱ ግን በአብዛኛው ከአፈር የሚመጡ ማዕድናት ናቸው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ድኝ በብዛት ያስፈልጋሉ፤ ብረት፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ መዳብ፣ ቦሮን፣ ሞሊብዲነም፣ ክሎሪንና ኒኬል ደግሞ በጥቂቱ። ይሁን እንጂ አንድ ማዕድን በአፈር ውስጥ መኖሩ ብቻውን ለተክሉ ምግብ ሆነ ማለት አይደለም። ማዕድኑ በአፈር ውኃ ውስጥ መሟሟት፣ ሥሩ ወዳለበት መድረስ፣ ከዚያም የሥሩን ሕዋስ ሽፋን ማለፍ አለበት።

በሀገራችን ደጋማና ዝናባማ አካባቢዎች ይህ ጉዳይ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በተለያየ ደረጃ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል። በጎጃም፣ በወለጋ፣ በጅማ፣ በጉራጌና በሐድያ ደጋዎች የሚገኙ ብዙ ማሳዎች በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ብዙ ዝናብ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን እያጠበ ይወስዳል፤ ተረፈ ምርቱ ለከብት መኖ፣ ኩበቱ ለማገዶ ስለሚውል ከማሳው የወጣው ማዕድን ተመልሶ አይገባም፤ ዩሪያንና ሌሎች አሞኒየም አዘል ማዳበሪያዎችን ለዓመታት ደጋግሞ መጠቀምም አሞኒየሙ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ፕሮቶን ስለሚለቅቅ አሲዳማነቱን ያባብሰዋል። በአዊ አካባቢ ገብስ እንቢ ባለው ማሳ ላይ አጃ የሚዘሩ፣ ከዚያም አልፎ ማሳቸውን ለከሰል በሚሆነው በዲከረንስ ዛፍ የሸፈኑ አርሶ አደሮች መኖራቸው የችግሩን ክብደት ያሳያል። ገብስን በአጃ፣ አጃን በዛፍ መተካት የገበሬው ምላሽ ነው፤ የተክል ሳይንስ ምላሽስ ምንድን ነው?

2. የሥር ሕዋስ ደጃፍ

የሕዋስ ሽፋን በዋናነት ከቅባት ሞለኪውሎች የተሠራ ስስ ድርብ ንጣፍ ነው። ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለው አዮን፣ ለምሳሌ ፖታሲየም ወይም ፎስፌት፣ ይህን የቅባት ንጣፍ በራሱ ሊያልፍ አይችልም። የሚያልፈው በሽፋኑ ውስጥ ተሻጋሪ ሆነው በተተከሉ ፕሮቲኖች በኩል ብቻ ነው። እነዚህን ፕሮቲኖች በአሠራራቸው በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ፓምፕ ነው። በሥር ሕዋስ ላይ ዋነኛው የፕሮቶን ፓምፕ ሲሆን ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ የኃይል ምንዛሪ እያፈረሰ ፕሮቶኖችን ወደ ውጭ ይገፋል። በዚህ ሥራው ሁለት ነገሮችን ይፈጥራል፦ ከሕዋሱ ውጭ ያለውን ፈሳሽ ይበልጥ አሲዳማ ያደርጋል፤ የሕዋሱን ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ከውጭው ሲነጻጸር በኤሌክትሪክ አሉታዊ ያደርገዋል። ይህ የቮልቴጅ ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊቮልት ይበልጣል።

ሁለተኛው ቦይ ነው። ቦይ ሲከፈት አዮኖች በኤሌክትሪኩና በክምችቱ ቁልቁለት ተከትለው ይፈስሳሉ፤ በራሱ ኃይል አያወጣም።

ሦስተኛው አጓጓዥ የምንለው ነው። አጓጓዡ አዮኑን ይይዛል፣ ቅርጹን ይለውጣል፣ በሌላኛው በኩል ይለቅቃል። ብዙዎቹ የሥር አጓጓዦች አንድን አዮን ወደ ላይ፣ ማለትም ጥቂት ካለበት ብዙ ወዳለበት የሚያሻግሩት ፕሮቶኖችን አብረው በማስገባት ነው። ፓምፑ ወደ ውጭ የገፋቸው ፕሮቶኖች ለመመለስ ያላቸው ግፊት፣ የማዕድኑን ሽቅብ ጉዞ የሚያንቀሳቅስ ኃይል ይሆናል። ወፍጮን የሚያዞር የውኃ መውረጃ ቢታሰብ ነገሩ ይቀርባል፤ ውኃውን ወደ ላይ ያወጣው ፓምፑ ነው፣ ሲወርድ ሥራ የሚሠራው አጓጓዡ ነው።

ከሽፋኑ ሌላ በሥሩ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ኬላ አለ። በሥሩ መሐል የሚገኙትን የማስተላለፊያ ቧንቧዎች ከብቦ የሚገኘው የሕዋሳት ረድፍ፣ በግድግዳዎቹ መካከል ውኃና አዮን የማያሳልፍ ቀበቶ አለው። ይህ ቀበቶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገለጸው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በሮበርት ካስፓሪ ስም ይጠራል። በቀበቶው ምክንያት በሕዋሳት ግድግዳ መካከል ሾልኮ የመጣ ማዕድን ወደ ግንዱ ከመሄዱ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በሕዋስ ሽፋን፣ ማለትም በፕሮቲን በኩል እንዲያልፍ ይገደዳል። ምርጫው የሚካሄደው እዚህ ላይ ነው።

3. ፕሮቲኖቹ እንዴት ታወቁ?

ፕሮቲኖቹ በዓይን ከመታየታቸው በፊት መኖራቸው የታወቀው በቁጥር ነው። በ1952 ኢማኑኤል ኤፕስታይንና ባልደረባቸው ሄገን ከተቆረጠ የገብስ ሥር ጋር ባደረጉት ሙከራ፣ ሥሩ አዮኖችን የሚወስድበት ፍጥነት ከአዮኑ ክምችት ጋር ያለው ግንኙነት ኢንዛይሞች የሚከተሉትን ሕግ እንደሚከተል አሳዩ። ክምችቱ ሲጨምር ፍጥነቱ መጀመሪያ በፍጥነት ይጨምራል፤ ከዚያ ግን እየቀነሰ ሄዶ አንድ ጣሪያ ላይ ይቆማል። ይህ የሚሆነው የተወሰነ ቁጥር ያላቸው መያዣ ቦታዎች ሲሞሉ ነው።

ይህን በምሳሌ እንየው። ገብስ ፖታሲየምን በዝቅተኛ ክምችት ሲወስድ ፍጥነቱ የጣሪያው ግማሽ የሚሆነው 20 ማይክሮሞላር ገደማ ሲሆን ነው። ሕጉ «ፍጥነት ማለት ጣሪያው ሲባዛ በክምችቱ፣ ሲካፈል ለክምችቱና ለግማሽ ነጥቡ ድምር» ይላል። ስለዚህ በ20 ማይክሮሞላር ፍጥነቱ 50 በመቶ፣ በ60 ማይክሮሞላር 75 በመቶ፣ በ200 ማይክሮሞላር 91 በመቶ ይሆናል። ከ60 ወደ 200 ክምችቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲያድግ ፍጥነቱ የጨመረው በ16 በመቶ ነጥብ ብቻ ነው። ማዕድን መጨመር ሁልጊዜ በዚያው ልክ መምጠጥን አይጨምርም የሚለው ትምህርት ከዚህ ይጀምራል።

ፕሮቲኖቹን ራሳቸውን ለማግኘት ግን አርባ ዓመት ፈጀ። መንገዱን የከፈተችው እርሾ ናት። ተመራማሪዎች ፖታሲየም የሚያስገባውን የራሷን ፕሮቲን ያጣች እርሾ ወሰዱ፤ ይህች እርሾ ፖታሲየም ጥቂት በሆነበት ምግብ ላይ አታድግም። በውስጧ የተክል ጂኖችን ሲከትቱ ካደጉት እርሾዎች ውስጥ ያለው ጂን የፖታሲየም ቦይ የሚሠራው ጂን ሆኖ ተገኘ። በዚህ ዘዴ በ1992 የመጀመሪያዎቹ የተክል ፖታሲየም ቦዮች፣ በ1996 ደግሞ ብረትን ወደ ሥር የሚያስገባው አይአርቲ1 የተባለ ፕሮቲን አራቢዶፕሲስ ከተባለችው ትንሽ የቤተ ሙከራ ተክል ተለዩ። የናይትሬት፣ የፎስፌት፣ የድኝ፣ የዚንክና የሌሎችም አጓጓዦች በዚያው ዘመን ተከታትለው ታወቁ።

እነዚህ ፕሮቲኖች ሁልጊዜ ፍጹም መራጮች አይደሉም። አይአርቲ1 ከብረት ሌላ ዚንክን፣ ማንጋኒዝንና መርዛማውን ካድሚየም ጭምር ያሳልፋል። በሩዝ ውስጥ ማንጋኒዝን የሚያስገባው ኤንራምፕ5 የተባለ ፕሮቲንም እንዲሁ የካድሚየም ዋነኛ መግቢያ ነው፤ የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ያጡ የሩዝ መስመሮችን በ2012 ይፋ ሲያደርጉ በፍሬው ውስጥ ያለው ካድሚየም እጅግ ዝቅ ብሎ ታይቷል። የአንድ ፕሮቲን መኖር ወይም አለመኖር እስከ ገበታ ድረስ የሚዘልቅ ውጤት እንዳለው ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

4. ፎስፌትን ለማስገባት የሚያስፈልገው ኃይል

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በአፈር ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ፎስፌት እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ማይክሮሞላር በታች፣ በደካማ አፈር ደግሞ 1 ወይም 2 ማይክሮሞላር ብቻ። በሕዋሱ ውስጥ ግን በሚሊሞላር የሚቆጠር ነው። ለስሌታችን እንዲመች በውጭ 2 ማይክሮሞላር፣ በውስጥ 5 ሚሊሞላር፣ የቮልቴጅ ልዩነቱን 120 ሚሊቮልት፣ የውጩን ፒኤች 5.5፣ የውስጡን 7.3፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ ሴልሺየስ እንበል።

አንደኛ፣ የክምችቱ ልዩነት 2,500 እጥፍ ነው። ይህን ዳገት ለመውጣት በአንድ ሞል ፎስፌት 19.4 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ፎስፌት በዚህ ፒኤች በአብዛኛው አንድ አሉታዊ ሙል ያለው አዮን ነው፤ የሕዋሱ ውስጠኛ ክፍልም አሉታዊ ስለሆነ ይገፋዋል። ይህን ግፊት ለማሸነፍ 11.6 ኪሎጁል ይጨመራል። ጠቅላላው 31 ኪሎጁል ያህል ይሆናል።

በሌላ በኩል አንድ ሞል ፕሮቶን ወደ ውስጥ ሲመለስ ከፒኤች ልዩነቱ 10.3፣ ከቮልቴጁ 11.6፣ በድምሩ 21.9 ኪሎጁል ያህል ይለቅቃል። እንግዲህ አንድ ፕሮቶን ለአንድ ፎስፌት አይበቃም፤ ሁለት ፕሮቶኖች ግን 43.8 ኪሎጁል ስለሚሰጡ ከበቂ በላይ ናቸው። የፎስፌት አጓጓዦች ከአንድ ፎስፌት ጋር ከአንድ በላይ ፕሮቶን አብረው እንደሚያስገቡ በሙከራ መታወቁ ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል።

ከዚህ ስሌት አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይከተላል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ወደ 4.5 ቢወርድና ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ፣ እያንዳንዱ ፕሮቶን ሲመለስ የሚለቅቀው ኃይል በ5.7 ኪሎጁል ይጨምራል። በኃይል ረገድ ብቻ ቢታይ አሲዳማ አፈር ለፎስፌት አጓጓዡ ሥራውን የሚያቀልል እንጂ የሚያከብድ አይመስልም። ታዲያ በማሳ ላይ የሚታየው ተቃራኒው የሆነው ለምንድን ነው?

5. ችግሩ ያለው የት ላይ ነው?

መልሱ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ኬሚካዊ ነው። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ፎስፌት ከአሉሚኒየምና ከብረት ውሁዶች ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከተጨመረው ማዳበሪያ በአፈሩ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። ይህ የታወቀ ነው፤ በማዳበሪያ ምክር ውስጥም ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ክፍል ሥነ ሕይወታዊ ሲሆን የሚገባውን ትኩረት ሲያገኝ አይታይም። ፎስፌት በአፈር ውስጥ እጅግ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ናይትሬት ከውኃው ጋር እየፈሰሰ ወደ ሥሩ ሲመጣ፣ ፎስፌት ግን ባለበት ይቆያል። ሥሩ በዙሪያው ያለውን ሲጨርስ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ ባዶ ቀለበት ይፈጠራል፤ ከቀለበቱ ማዶ ያለው ፎስፌት ለዚያ ሥር እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ተክሉ ፎስፌት ለማግኘት ያለው ዋነኛ መንገድ ሥሩን ወደ አዲስ አፈር ማሳደግ፣ የሥር ፀጉሮቹን ማርዘምና ከሥር ፈንገሶች ጋር መተባበር ነው። አጓጓዡ የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን በባዶ ቀለበት ውስጥ የሚያስገባው የለውም።

አሉሚኒየም የሚመታው ይህን ቦታ ነው። አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከኦክስጅንና ከሲሊከን ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛው ንጥረ ነገር ነው። በመደበኛ አፈር ውስጥ በማዕድን ተቆልፎ ስለሚቀመጥ ጉዳት የለውም። ፒኤች ከ5.5 በታች፣ በተለይም ከ5 በታች ሲወርድ ግን ሦስት አዎንታዊ ሙል ያለው የአሉሚኒየም አዮን እየተለቀቀ ይሟሟል። ይህ አዮን በማይክሮሞላር ደረጃ እንኳ መርዝ ነው። በሥሩ ጫፍ የመጨረሻ ጥቂት ሚሊሜትሮች ላይ ካሉ ሕዋሳት ግድግዳና ሽፋን ጋር ይጣበቅና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሥሩን መርዘም ይገታል። ሥሮቹ አጭር፣ ወፍራምና ጫፋቸው የተሰባበረ ይሆናሉ፤ የሥር ፀጉራቸው ይቀንሳል።

እንዲህ ያለ ሥር ያለው ገብስ ማዳበሪያ ሲሰጠው የሚጠቀመው በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቂቱን ብቻ ነው። በሽፋኑ ላይ ያሉት የፎስፌት አጓጓዦች አሉ፤ ይሠራሉም። የሚያጡት ወደ አዲስ አፈር የሚያደርሳቸውን ሥር ነው። ገበሬው ማዳበሪያውን በብድር ገዝቶ ከበተነ በኋላ ሰብሉ ወይን ጠጅ መስሎና ቀጭጮ ሲያየው «መሬቱ ማዳበሪያ አይቀበልም» ይላል። አነጋገሩ ከእውነቱ አይርቅም፤ ይበልጥ በትክክል ሲነገር ግን የማይቀበለው የተቆረጠው ሥር ነው።

6. ወደ ውጭ የሚያስወጡ ፕሮቲኖች

አንዳንድ የስንዴ ዝርያዎች በአሲዳማ አፈር ላይ ከሌሎቹ እጅግ የተሻለ እንደሚያድጉ አርቢዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቃሉ፤ በተለይ በብራዚል አሲዳማ መሬቶች ላይ የተመረጡ ዝርያዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ምስጢሩ የተገለጠው ግን ተቋቋሚው ስንዴ አሉሚኒየም ሲነካው ከሥሩ ጫፍ ማሌት የተባለ ኦርጋኒክ አሲድ እንደሚያወጣ ሲታወቅ ነው። ማሌቱ አሉሚኒየሙን ይይዘዋል፤ የተያዘው አሉሚኒየም ደግሞ ሥሩን አይጎዳም።

በ2004 የጃፓንና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይህን ሥራ የሚሠራውን ጂን ከስንዴ ለይተው ኤኤልኤምቲ1 ብለው ሰየሙት። በየትኛውም ተክል የአሉሚኒየም ተቋቋሚነትን የሚያስገኝ ጂን ሲለይ የመጀመሪያው ይህ ነበር። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን በሥሩ ጫፍ ሕዋሳት ሽፋን ላይ የሚገኝ ቦይ ሲሆን የሚከፈተውም በውጭ አሉሚኒየም ሲኖር ነው። ጠላት በሌለበት አይከፈትም፤ ተክሉም ካርቦኑን በከንቱ አያባክንም።

እዚህ ላይ በክፍል 4 ያየነው ስሌት ተመልሶ ይጠቅመናል። የሕዋሱ ውስጠኛ ክፍል አሉታዊ መሆኑ ፎስፌትን ለማስገባት ዳገት ሆኖ ነበር። ማሌትም አሉታዊ አዮን ነው፤ ለእርሱ ግን ጉዞው ወደ ውጭ ስለሆነ ያው ቮልቴጅ ቁልቁለት ይሆንለታል። ቦዩ ሲከፈት ማሌቱ በራሱ ይፈስሳል። አንድ የፕሮቶን ፓምፕ የፈጠረው ኤሌክትሪክ በአንድ በኩል ምግብ ያስገባል፣ በሌላ በኩል መከላከያውን ያወጣል።

በማሽላ በ2007 የተለየው ጂን ደግሞ የሚሠራው ሲትሬትን የሚያስወጣ ሌላ ዓይነት ፕሮቲን ነው። በዚያው ዓመት በገብስም የዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሲትሬት አስወጪ ፕሮቲን ተገኘ። የገብሱ ታሪክ ልዩ ትምህርት አለው። ይህ ፕሮቲን በመነሻው ሲትሬትን በሥሩ መሐል ወዳሉት ቧንቧዎች የሚለቅቅ፣ በዚህም ብረት ወደ ቅጠል እንዲጓዝ የሚረዳ ነበር። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በምሥራቅ እስያ አሲዳማ አፈር ላይ በተላመዱ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ ከጂኑ ፊት ለፊት አንድ ሺህ ፊደል ያህል የሚሆን የዲኤንኤ ቁራጭ ገብቶ ይገኛል። ቁራጩ ፕሮቲኑን ራሱን አልለወጠም፤ የሚሠራበትን ቦታ ግን ወደ ሥሩ ጫፍ አሰፋው። ያው ፕሮቲን ቦታ በመቀየሩ ብቻ ከብረት አጓጓዥነት ወደ አሉሚኒየም ጠባቂነት ተሸጋገረ። በስንዴም ቢሆን በተቋቋሚና በተጎጂ ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የፕሮቲኑ ዓይነት ሳይሆን መጠኑ ነው፤ ከጂኑ ፊት ያለው የዲኤንኤ ክፍል ሲደጋገም ጂኑ ይበልጥ ይነበባል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና መከራከሪያ በቀጥታ የተፈተነው በገብስ ላይ ነው። ገብስ ከብርዕ ሰብሎች ሁሉ ለአሉሚኒየም እጅግ ተጎጂ ከሚባሉት አንዱ ነው። ተመራማሪዎች የስንዴውን ኤኤልኤምቲ1 ወደ ገብስ ካስገቡ በኋላ በ2009 ባወጡት ውጤት፣ በአሲዳማ አፈር ላይ ያደገው ይህ ገብስ ጂኑ ከሌለው ወንድሙ ይልቅ ፎስፈረስን በተሻለ ሁኔታ እንደወሰደና የበለጠ ፍሬ እንደሰጠ አሳይተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ የገባው ጂን የፎስፌት አጓጓዥ ጂን አለመሆኑ ነው። ማሌትን የሚያስወጣ ፕሮቲን ተጨመረ፤ ፎስፈረስ ተገኘ። ሥሩ ሲጠበቅ የነበሩት አጓጓዦች ሥራቸውን መሥራት ቻሉ።

7. ለሀገራችን ያለው ትርጉም

ከላይ ከቀረበው በመነሣት ሦስት ተግባራዊ ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል።

የመጀመሪያው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ፒኤቹ ከ5 በታች በሆነ ማሳ ላይ የፎስፈረስ ማዳበሪያን መጠን ከማሳደግ በፊት የሥሩን ጫፍ ማዳን ይቀድማል። ኖራ አሲዱን ያረግባል፤ ፒኤች ከ5.5 በላይ ሲወጣም አሉሚኒየሙ የማይሟሟ ውሁድ ሆኖ ይዘቅጣል። ስለዚህ የአፈር ምርመራ ውጤትና የማዳበሪያ ምክር ተነጣጥለው መሄድ የለባቸውም።

ሁለተኛው ኖራና ዝርያ አንዱ የሌላው ምትክ አለመሆናቸው ነው። ኖራ በሄክታር በቶኖች የሚቆጠር ስለሚያስፈልግ መጓጓዣው ለአርሶ አደሩ ከባድ ነው፤ ከተበተነም በኋላ በአብዛኛው የሚሠራው በታረሰው የላይኛው ንጣፍ ነው። ከሥሩ ያለው አፈር አሲዳማ እንደሆነ ሲቆይ የተጎጂ ዝርያ ሥር ወደ ታች ሳይዘልቅ ይቀራል፤ ዝናብ ሲያጥር ደግሞ ከታች ያለውን ውኃ አያገኝም። ማሌትን ወይም ሲትሬትን የሚያስወጣ ዝርያ ኖራው የማይደርስበትን ጥልቀት ይደርሳል። በሌላ በኩል ተቋቋሚ ዝርያ ብቻውን አፈሩን አያክምም፤ ኖራ ሳይጨመር ቢታረስ አሲዳማነቱ እየባሰ ይሄዳል።

ሦስተኛው የራሳችንን ሀብት መፈተሽ ነው። ኢትዮጵያ በገብስ ብዝኃነት የታወቀች ናት። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ሀገራችንን የጎበኘው በዚህ የሰብል ብዝኃነት ተስቦ ነው፤ ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኙ የበሽታ መከላከያ ጂኖችም በአውሮፓና በሌሎችም አህጉራት ገብስ ውስጥ ዛሬ ድረስ ያገለግላሉ። በአሲዳማ ደጋዎች ለትውልዶች ሲዘሩ የኖሩ የገበሬ ዝርያዎች በሥር ጫፋቸው ላይ የተሻለ ጥበቃ ይዘው ሊሆን እንደሚችል መገመት ምክንያታዊ ነው፤ ለማረጋገጥም የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። የበቀሉ ችግኞችን ሥር ለአጭር ጊዜ አሉሚኒየም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ካቆዩ በኋላ ሄማቶክሲሊን በተባለው ከእንጨት በሚገኝ ቀለም መንከር ይበቃል። አሉሚኒየም የገባበት የተጎጂ ዝርያ ሥር ጫፍ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል፤ የተቋቋሚው ጫፍ ነጭ እንደሆነ ወይም በጥቂቱ ብቻ ቀልቶ ይቀራል። ከዚያም ችግኙን በንጹሕ ፈሳሽ መልሶ የሥሩን መርዘም በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ይህ በመጠነኛ ቤተ ሙከራ፣ በአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጥናት ዘመን ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ለማበጠር የሚያስችል ዘዴ ነው። ጂኑን የመለየት ሥራ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

8. ማጠቃለያ

የማዕድን መምጠጥ ጥናት ለረጅም ጊዜ ያተኮረው ወደ ውስጥ በሚያስገቡ ፕሮቲኖች ላይ ነው። በ1952 በገብስ ሥር የተጀመረው ቆጠራ፣ በ1992 በእርሾ የተገኙት ጂኖችና ከዚያ ወዲህ የታወቁት የአጓጓዥ ቤተሰቦች ሥሩ ማዕድንን እንዴት እንደሚመርጥና በምን ኃይል እንደሚያስገባ አስረድተውናል። በአሲዳማ አፈር ላይ ግን የምርቱን ዕጣ የሚወስኑት ፕሮቲኖች ሌሎች ናቸው። የፎስፌት አጓጓዡ ኃይል አላጣም፤ ያጣው የሚያድግ ሥር ነው፤ ሥሩ እንዲያድግ የሚያደርገውም በጫፉ ላይ ሆኖ ማሌትን ወይም ሲትሬትን የሚያስወጣው ፕሮቲን ነው።

ይህ ግንዛቤ ለተመራማሪው የምርመራ አቅጣጫ ይሰጣል፤ ለግብርና ባለሙያው ደግሞ የምክር ቅደም ተከተል። አንድ አርሶ አደር ማዳበሪያ ጨምሮ ሰብሉ አልሻሻል ሲለው፣ ተጨማሪ ማዳበሪያ እንዲገዛ ከመንገር በፊት ከማሳው አንድ ችግኝ ነቅሎ ሥሩን አጥቦ ማየት ያስፈልጋል። ሥሩ አጥሮና ጫፉ ደድሮ ከተገኘ የአፈሩ ፒኤች ይለካ፤ አሲዳማነቱ ከተረጋገጠ ኖራና ተስማሚ ዝርያ ይቅደሙ፤ ማዳበሪያው ከዚያ በኋላ ይከተል።